ከስሟ በታች ያለው መስመር

ማያ የደወለችልኝ ረፋድ ላይ ነው። የእናቷን ሞት ነገረችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ማለቱ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያቅተኝ ኖሯል።

«ለቀብሩ እንዲመጡልኝ ነው» አለች በመጨረሻ። የደወለችው ከሰመርሊን ሰፈር፣ ከቤቷ ነበር፤ ከኋላዋ ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል። «አጎቶቼ እዚህ ናቸው። ሲጨቃጨቁ ሰንብተው አሁን ስለ መቃብሩ ድንጋይ ተስማምተዋል። ስሟ ይጻፋል፤ ከስሟ በታች ግን ምንም አይኖርም። ባዶ ይሆናል።»

«ባዶ?» አልኋት።

«ባዶ። ቢያንስ ሰላም ይሰጡኛል።»

«እናትሽ ትፈቅደው ነበር?»

«እንግዲህ ቀብሩ ላይ እንገናኝ» አለች ማያ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተሰማኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም። ያቺ ሴት ስለ አንድ ባዶ መስመር ከአንድ ትልቅ ካዚኖ ጋር ተጣልታ ያልተንበረከከች ሰው ናት። አሁን አፏ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ወንዶች ያንኑ ባዶ መስመር በድንጋይ ላይ ሊያጸኑባት ነው።

ቬስና ትባል ነበር። በላስ ቬጋስ በአንድ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የምናድል ሠራተኞች ነበርን፤ ለብዙ ዓመታት በቀን ሺፍት አብረን ሠርተናል። ረጅም ናት፤ ሽበቷን እንደ ወንድ ልጅ አሳጥራ ትቆረጣለች፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። እጆቿ ትልልቅ ነበሩ፤ ካርታ ሲይዙ ግን ድምፅ አያሰሙም። በሥራችን ደንብ አንድ አዳይ ተተኪው መጥቶ ትከሻውን መታ ሳያደርገው ከጠረጴዛው አይነሣም። ትከሻው ሲነካ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፤ ከዚያ መዳፎቹን ገልብጦ ጣራው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል። ምንም አልያዝሁም ማለቱ ነው። ሌሎቻችን ይህን የምናደርገው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነበር። ቬስና ግን ከመድረክ እንደምትወርድ ተዋናይት ቀና ብላ ታጨበጭብና ወደ ካሜራው ዓይኗን ትክል ነበር። «እኔ ምንም አልሰረቅሁም» አለችኝ አንድ ቀን፤ «የሰረቁኝን ግን አውቃቸዋለሁ።»

እኔን ለመተካት ስትመጣ ትከሻዬን መታ አድርጋ በጆሮዬ፣ «ተነሥ ፕሮፌሰር፤ ደንበኞቹን በሙሉ አስተኝተሃቸዋል» ትለኛለች። በአገሬ በዩኒቨርሲቲ የአውሮፓን ታሪክ አስተምር እንደ ነበር ከማን እንደ ሰማች አላውቅም፤ ከእኔ ግን አልነበረም።

የተወለደችው ቦስኒያ፣ ዩጎዝላቪያ ገና አንድ አገር ሳለች ነው። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ካቶሊክ፣ ያገባችው ሰው ኦርቶዶክስ ነበሩ። አገሪቱ ስትበታተን ሁሉም ወገን በየተራ እየመጣ «አንቺ የማን ነሽ?» ይላት እንደ ነበር ነግራኛለች። በመካከሉ ቤቷ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አንድ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ጎረቤት» አለች።

«የየትኛው ወገን ጎረቤት?»

«አየህ፣ አንተም ጠየቅኸኝ» አለችና ሣቀች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

ጠቡ የተጀመረው በባጅ ነው። በዚህ ከተማ የካዚኖ ሠራተኛ ደረቱ ላይ የስም ባጅ ያደርጋል፤ ከላይ ስሙ፣ ከስሙ በታች የመጣበት አገር ይጻፋል። ለጎብኚው የወሬ መክፈቻ ነው። የእኔ «ኢትዮጵያ» ይላል፤ አሜሪካውያኑ ያነቡና ስለ ሙቀት ወይም ስለ ሯጮች አንድ ነገር ይላሉ። የአገሬ ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጡ ግን ባጁን አንብበው አይረኩም። «ጋሼ፣ ከየት በኩል ነዎት?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ስለ መልክዐ ምድር እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም «ካርታ ልጨምርልዎ ወይስ ይበቃዎታል?» እላቸዋለሁ፤ ጨዋታው እንዲቀጥል የሚባል ነውና ሊቀየሙኝ አይችሉም።

የቬስና አሮጌ ባጅ «ዩጎዝላቪያ» ይል ነበር። አገሪቱ ከካርታ ከጠፋች በኋላም ለዓመታት እሱኑ አድርጋ ኖረች፤ ልብ ያላትም አልነበረም። በኋላ ካዚኖው ባለቤት ቀይሮ ባጆቹ ሁሉ በአዲስ መልክ ሲታተሙ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ጠራት። በሥራ ላይ ያለ አገር ስም ስጪን አሏት። «አውሮፓ» አለች። አውሮፓ አገር አይደለም አሏት። «የእኔም አገር አሁን አገር አይደለም፤ የተወለድሁት ግን እዚያው ነው» አለች። እነሱም «ቦስኒያ» ብለው አትመው ሰጧት።

ቦስኒያ ሐሰት አልነበረም። እሷም ሐሰት ነው አላለችም። «ቦስኒያ ብዬ ብቆም፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጥ ያገሬ ሰው ሁሉ ‹ከሦስቱ የትኛዋ ነሽ?› ይለኛል» አለችኝ። በማግስቱ ከስሟ በታች ነጭ ፕላስተር ለጥፋ፣ በጥቁር ማርከር በትልልቅ ፊደል EUROPE ብላ ጽፋ መጣች።

የሺፍቱ ማናጀር ዳግ የሚባል፣ ክፋት የሌለበት፣ ቀኑ በሰላም እንዲያልፍለት ብቻ የሚመኝ ሰው ነበር። መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ቬስና፣ ያ ምንድን ነው?»

«አድራሻዬ ነው።»

«አንሺው።»

«ፕላስተሩን ነው ወይስ እኔን?»

«ቬስና፣ እባክሽ! ይህ የዩኒፎርም ጉዳይ ነው።»

«ዳግ፣ ማነሽ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል እንደ ሆነ ነበር የሚነግሩኝ» አለችው። ያን ጊዜ የመተካት ሰዓት አልነበረም፤ እሷ ግን አጨበጨበችና መዳፎቿን ገልብጣ አሳየችው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ደንበኞች ትርኢቱ የተዘጋጀላቸው መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከዚያ ለዓመታት ከሠራችበት፣ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ከሚገቡበት ጸጥ ያለ ክፍል አውጥተው የቁማር መኪኖቹ በሚጮኹበት በር አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ጣሏት። ቀኑን ሙሉ የሲጋራ ጢስ ይገባባታል። ፕላስተሩ ጢሱን እየጠጣ ሲወይብ በአዲስ ትቀይረዋለች።

በዚያን ሰሞን ነው የተከራከርነው። የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ነበርን፤ እኔም ከተለመደው በላይ ተናገርሁ።

«ቬስና፣ የለጠፍሽው ነገር ስም ብቻ ነው» አልኋት። «ወሰኑ የት እንደሚጀምር ሁለት ሊቃውንት እንኳ ተስማምተውበት አያውቁም። ደግሞ እኔ በመጣሁበት በኩል ያ ስም የመጣው ከጠመንጃ ጋር ነው። አንቺ ደረት ላይ ሳነበው ምን እንደሚሰማኝ አስበሽዋል?»

መነጽሯን አውልቃ በሰንሰለቱ ለቀቀችው።

«አስቤዋለሁ። በአንተ ላይ በጠመንጃ የመጣው በእኔ ላይ በክብሪት መጥቷል። ቤቴን ያቃጠሉት ከሌላ ዓለም አልመጡም፤ በአንድ ክፍል ተምረን፣ በአንድ ወንዝ ዋኝተን ያደግን ሰዎች ነን። አውሮፓውያን ናቸው። ታዲያ ስሙን ለእነሱ ብቻ ልተውላቸው?»

«አንዳንድ ጊዜ ስምን መተው ነፃ መውጣት ነው።»

«ለአንተ ሊሆን ይችላል። እኔ ቤቴን ትቻለሁ። ከተማዬን ትቻለሁ። ባሌ የተወለደበትን መንደር ስም እንኳ ጮክ ብዬ ሳልጠራ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ይበቃኛል ፕሮፌሰር፤ ይህን አልተውም።»

መልስ ነበረኝ። ከአንድ በላይ ነበረኝ፤ ለዓመታት ያስተማርሁት ነገር ነው። ግን መልሶቼ ሁሉ የተጻፉት ቤታቸው ላልተቃጠለባቸው ሰዎች እንደ ነበር ታወቀኝና ሻዬን ጠጣሁ።

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም በየቋንቋው ጠረጴዛ ይይዛል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ግን እንዲያ ነው። የቬስና ጠረጴዛ ብቻ ቅይጥ ነበር። ሻንዶር የሚባል ቀልደኛ ሃንጋሪያዊ፣ አንዲት ፖላንዳዊት፣ ሁለት ቡልጋሪያውያን ወንድማማቾች ይቀመጡበታል። እኔና ሰናይትም ከዳር ነበርን። ሰናይት በዲቪ የመጣች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከእኔ በኋላ ነው የተቀጠረችው። አንድ ቀን ቬስና በትልቅ ድስት ምግብ ይዛ መጣች፤ የተፈጨ ሥጋና ሩዝ በኮመጠጠ የጥቅል ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀቅሏል። ክዳኑን ስታነሣ ሻንዶር ጮኸ።

«ይህ የእኛ ነው! ግን ቀይ በርበሬው የታለ? አበላሽተሽዋል።»

«የእናንተ?» አለች ፖላንዳዊቷ። «ይህን አያቴ የሠራችው ያንተ አያት ሹካ መያዝ ሳትማር ነው። ደግሞስ ማን ነው ጎመኑን የሚያኮመጥጠው?»

ቡልጋሪያውያኑም ስሙን በቋንቋቸው ጠርተው የእነሱ መሆኑን አስታወቁና፣ በወይን ቅጠል ቢሆን ይሻል እንደ ነበር ጨመሩ። እየተሳደቡ ድስቱን ጨረሱት። ቬስና እጇን አጣምራ እንደ ዳኛ ታያቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ልክ የኛን ሰው ነው እኮ የሚመስሉት!» አለችኝ ሰናይት በአማርኛ። «ሳይጣሉ አይበሉም።»

«አውሮፓ የሚባል ነገር የለም» አለ ሻንዶር አፉን እየጠረገ። «አውሮፓ ረጅም ጠብ ነው። ፕላስተርሽን ጣዪው።»

«እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር አልጣላም» አለችው። «አንተስ ስለ ጎመን ከቻይና ሰው ጋር ትጣላለህ? ድስቱን ስከፍት ሁላችሁም ‹የእኛ ነው፣ አበላሽተሽዋል› አላችሁ። እኔ የጻፍሁት ይኸንኑ ነው፤ ባጁ ጠባብ ስለ ሆነ አሳጠርሁት።»

ለዓመታት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ አውሮፓን በሃይማኖቱ፣ በሕጉ፣ በውሉና በጦርነቱ ለመግለጽ ደክሜያለሁ። ያን ቀን ከሰማሁት ጋር የማይጣጣም ብዙ ነገር እንዳለ አሁንም አውቃለሁ፤ ከድስቱ ያልቀረበላቸው፣ ከበሩ የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ ከነሱም ወገን ነኝ። ነገር ግን እኔም ከዚያ ድስት በልቻለሁ። ማንም ከየት በኩል ነህ አላለኝም፤ ጎመኑ ኮምጥጧል ወይስ አልኮመጠጠም የሚለውን እንድፈርድ ነበር የጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሻንዶር በባጁ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ፤ EUROPE ይላል። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው አለፈ፤ ቬስናም እንዳላየች ሆነች። ፖላንዳዊቷ ተከተለች፤ ቡልጋሪያውያኑም። ሰናይት ሮጣ መጣች።

«ጋሼ፣ እኛስ? አፍሪካ ብለን እንለጥፍ እንዴ? ማርከሩን ተቀብያለሁ!»

«አንቺ ለጥፊ» አልኋት።

«እርስዎስ?»

«እኔ አያለሁ።»

«እርስዎ ሁልጊዜ እንዳዩ ነው!» ብላኝ ለጥፋ ገባች። ዳግ በአዳራሹ መካከል ቆሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዓይኑን ሲያዘዋውር አየሁት፤ የሚያሳዝን ፊት ነበረው።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ውሳኔ መጣ። የፈለገ ሰው ከስሙ በታች ያለውን መስመር ባዶ ማድረግ ይችላል ተባለ። ዳግ ራሱ አዲሱን ባጅ ለቬስና ይዞላት መጣ፤ ስሟ ብቻ አለበት። «ይኸው፣ ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ወደ ቀድሞው ክፍልሽም ትመለሻለሽ» አላት። ሁላችንም ያሸነፈች መስሎን ነበር።

ቬስና ባጁን አገላብጣ አየችው። «የጠየቅሁት ባዶ አይደለም» አለችና መለሰችለት።

ከሺፍት ስንወጣ በሠራተኞች በር በኩል እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ለምን እንዳልተቀበለች አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋት።

«ባዶውን መስመር ሌላ ሰው ይሞላዋል» አለች። «አገሬ ሲፈርስ እኔ ዝም ነበር ያልሁት። ወገን አልያዝሁም፣ ስም አልጠራሁም፤ ጨዋነት መስሎኝ። ዝም ስል ግን ሁሉም የየራሱን ጻፈብኝ። ለእነዚያ የእነዚህ ነበርሁ፣ ለእነዚህ የእነዚያ። አንተ ትደብቃለህ ፕሮፌሰር፤ እኔ እለጥፋለሁ። ሁለታችንም የሚፈልጉትን መልስ አንሰጣቸውም፤ በዚህ እወድሃለሁ። ግን አንድ ቀን በእኔ ላይ ሲጽፉ ብታይ ዝም እንዳትል።»

መኪናዋን አስነሥታ ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ሰንራይዝ ማነር ሄደች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በበሩ አጠገብ፣ በጢሱ ውስጥ ሠራች፤ ፕላስተሩን አላነሣችም። ማናጀሩም ማየቱን ተወ።

በቀብሩ ቀን ንፋስ ነበር። ከከተማው ምሥራቅ ካለው ተራራ እየወረደ የአርቴፊሻል አበባዎቹን ጉንጉን ያገላብጣል። የቬስና ወንድም ኤሚር ከሴንት ሉዊስ መጥቶ በሣጥኑ ቀኝ ቆሟል፤ የሟች ባሏ ወንድም ድራጋን ከቺካጎ መጥቶ በግራ ቆሟል። ኤሚር ጨረቃ፣ ድራጋን መስቀል እንዲቀረጽ ፈልገው ነበር አሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሕዝብ ስም ከስሟ በታች ለማጻፍ ሲታገሉ ሰንብተዋል። ድንጋዩ እስኪደርስ ድረስ በመቃብሩ ራስ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተተክሏል፤ ቬስና ይላል፤ ከበታቹ ምንም የለም።

ማያ እንድናገር ጠቆመችኝ። ከካዚኖው የመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ለዓመታት አብረውኝ ከሠሩት መካከል ከጨዋታ ቃል ውጭ ድምፄን ሰምተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ።

«እኔ የአውሮፓ ታሪክ መምህር ነበርሁ» አልሁ። «ስለ አውሮፓ ብዙ ጥሩ ያልሆነ ነገር አውቃለሁ፤ አብዛኛውን አስተምሬዋለሁ። ይህች ሴትም ታውቅ ነበር፤ እሷ የተማረችው ግን በቤቷ አመድ ላይ ነው። አመዱ ላይ ቆማ ‹ይህ የእኔም ነው› አለች። ላቃጠሉት አልተወችውም። የሙስሊም ልጅ፣ የካቶሊክ ልጅ፣ የኦርቶዶክስ ሚስት ነበረች፤ አንዱንም አልካደችም፤ አንዱ ሌሎቹን እንዲሰርዝ ግን አልፈቀደችም። ባዶ ባጅ ሰጥተዋት ነበር። ከባዶው ጋር የተሻለ ሥራም ሰጥተዋት ነበር። እዚህ የቆምነው ምስክሮች ነን፤ ሁለቱንም መልሳለች። ዛሬ እጇን ማንሣት ስላልቻለች የመለሰችውን ባዶ እንደገና አትስጧት።»

ኤሚር ወደ ድራጋን አየ፤ ድራጋንም ወደ ኤሚር። በዚያች ቅጽበት ብቻ ወንድማማቾች ይመስሉ ነበር፤ ሁለቱም በእኔ ላይ ተቆጥተው።

«ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ ድራጋን።

«አዎ» አለች ማያ። «ልጇ ደግሞ እኔ ነኝ።» ድምፅዋ የእናቷ ነበር። ወደ እኛ ዞረች። «ፕላስተር ያለው ሰው አለ?»

ሰናይት ቦርሳዋን ከፈተች። ጥቅል ፕላስተርና ጥቁር ማርከር አወጣች፤ እያለቀሰችም «ጋሼ፣ ለሣጥኑ አስቤ እኮ ነው ያመጣሁት» አለችኝ። ማያ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ በሰሌዳው ላይ፣ ከስሟ በታች ለጠፈችው፤ ተንበርክካም በትልልቅ ፊደል EUROPE ብላ ጻፈች። «ድንጋዩም ይኸው ነው የሚለው» አለች ሳትዞር።

ወደ ሣጥኑ ቀረብሁ። ትከሻዋ ይሆናል ብዬ በገመትሁት በኩል እንጨቱን በሁለት ጣቴ መታ አደረግሁት። የሙያ ባልደረቦቼ ምን ማድረጌ እንደ ሆነ ወዲያው ገባቸው። እሷ ማጨብጨብ አልቻለችምና ሻንዶር አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ፖላንዳዊቷ፣ ቡልጋሪያውያኑ፣ ሰናይት፣ ከኋላ ቆሞ የነበረው ዳግ ሳይቀር ተከተሉት። ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው አሳዩ።

ንፋሱ የፕላስተሩን አንድ ጫፍ አነሣው። ሄጄ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እንዲይዝ ጥቂት ቆየሁ። ከበላዬ የኤሚር ጥላ ወደቀብኝ።

«አንተ ራስህ ማነህ?» አለኝ። «ከየት ነህ?»

ይህን ጥያቄ በሁለት አህጉር፣ በብዙ አፍ ተጠይቄያለሁ፤ ለማንም መልሼ አላውቅም። ጣቴን ከፕላስተሩ ሳላነሣ ቀና ብዬ አየሁት።

«ከእሷ ጠረጴዛ» አልሁት። «ተተኪዋ እኔ ነኝ።»